እንግሊዝኛ ከዝሆኑ ሥር

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላላችሁ፦ ከቤተሰብ ጋር እንግሊዝኛ ለመለማመድ የስሚዝሶንያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን ሞክሩት። መግቢያው ነፃ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን ካላየን ብላችሁ አትሯሯጡ። አንድ አዳራሽ ይበቃል።

እኛ መሀል ካለው ግዙፍ ዝሆን ጀመርን። እናቴ «ትራንክ» የመኪና ዕቃ መጫኛ ብቻ ይመስላት ነበር። ኩምቢውን እያየች ስትሰማው ሳቀች፤ ቃሉም በዚያው አእምሮዋ ውስጥ ቀረ።

ቀጥሎ የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ ገብታችሁ የድንቅነሽን ወገኖች ፈልጉ። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ መገኘቷን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ማስቆጠሯን ስለምናውቅ ጽሑፉን መገመት ይቀላል። በዝርያዋ ሳይንሳዊ ስም «አፋረንሲስ» ውስጥ አፋር አለች! ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያንብቡ፣ አያት በአማርኛ ትመልስላቸው። ያልገባችሁን መግለጫ ፎቶ አንሱትና ማታ ቡና ላይ አውጡት።