ከታች የሚጠቁረው ቲማቲም
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ቲማቲም አለኝ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ከታች በኩል እየጠቆረ ይጎደጉድ ነበር። ነጋዴ ደግሞ አንድ ጥቁር ካየ የሳጥኑን ሙሉ ዋጋ ይጥላል!

መድኃኒት እርጪ ያሉኝ ነበሩ። ቅጠሉ ጤነኛ ስለነበር አልረጨሁም። ነገሩ ካልሲየም ፍሬው ጋ አለመድረሱ ነው፤ ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው። የመስኖ ተራችን እስኪደርስ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ሲደርስ ይጥለቀለቃል። ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረን ተራችንን ከፋፈልነው፦ ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። በግንዱ ዙሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የጤፍ ጭድ አለበስኩ (ላሚቱ ቅር ቢላትም)። ዩሪያ ማዳበሪያም ቀነስኩ፤ ሲበዛ ችግሩን ያባብሳል።

የጠቆሩት አይድኑም፣ ለቅሜ ጣልኳቸው። ቀጥሎ የያዘው ፍሬ ንጹህ ወጣ። ከሽያጩ ለልጆች ደብተርም፣ ለሽንኩርት ዘርም ተረፈኝ።