ሰርቨር ከመከራየታችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ፔንሲዮን ላላቸው አንዲት እናት ዌብሳይት ልሠራ ስንነጋገር፣ እትዬ ገና ስለ ዋጋው ሳናነሳ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ አንተ ባትኖር ማን ይነካዋል?» ይህን ሥራ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ሰው ሰርቨር (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) ምረጥልኝ ሲለኝ መጀመሪያ የማነሳው የእሳቸውን ጥያቄ ነው።

ብዙ ሰው ደውሎ ሰርቨሩ ስለሚሠራበት ሲስተም «ሊኑክስ ይሻላል ወይስ ዊንዶውስ?» ይለኛል። ጥያቄው ከጭራው ተጀመረ። መጀመሪያ ዌብሳይቱ ምን እንደሚሠራ፣ ዜናና ፎቶ ማን እንደሚጭንበት፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠራ ወስኑ። ሥራው ሲለይ ኮዱ የሚጻፍበት ቋንቋ ይለያል። ቋንቋው ከተለየ ሰርቨሩን መምረጥ ብዙ አያስጨንቅም።

የሆቴል፣ የትምህርት ቤት፣ የዕድር ወይም የትንሽ ሱቅ ገጽ ከሆነ ዎርድፕረስ የሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ይበቃል። ዎርድፕረስ የሚሠራው በፒኤችፒ ነው። ፒኤችፒ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ ቋንቋ ስለሆነ ርካሹ የጋራ ሆስቲንግ (ብዙ ዌብሳይቶች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት ኪራይ) ሳይቀር ይቀበለዋል። ደግሞ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ለእትዬም የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው፦ እኔ ባልኖር እዚያው ሐዋሳ አንድ ፒኤችፒ የሚችል ልጅ ያገኛሉ። ሰርቨሩ ሊኑክስ ሆነ፣ በዚሁ ተዘጋ።

ዊንዶውስ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ድርጅቱ የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ በሆነው በድሮው ዶትኔት ፍሬምወርክ የተሠራ የሂሳብ ወይም የስቶክ ሲስተም ካለውና ዌብሳይቱ ከእሱ ጋር መገናኘት ካለበት፣ ከዊንዶውስ ጋር አትታገሉ፤ ተከራዩት። አዲሱ ዶትኔት ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ስለዚህ «የእኛ በዶትኔት ነው» ሲሏችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። የዊንዶውስ ፈቃድ ኪራዩ ላይ ይደመራል፣ ሊኑክስ ግን የፈቃድ ክፍያ የለበትም። የውጭ ሆስቲንግ የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ልዩነት ለትንሽ ድርጅት ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ፓይተንና ኖድ የሚባሉት የኮድ መጻፊያዎችም ጥሩ ናቸው፣ እኔም እሠራባቸዋለሁ። ርካሹ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይመቹም፤ ቪፒኤስ፣ ማለትም ለብቻችሁ የተከለለ የሰርቨር ክፍል ይፈልጋሉ። ቪፒኤስ ከተከራያችሁ ሰርቨሩን የምታዘምኑትም፣ ፋየርዎሉን (የሰርቨሩን መከላከያ) የምታስተካክሉትም ራሳችሁ ናችሁ። ይህን በየጊዜው የሚከታተል ሰው ከሌላችሁ አትግቡበት።

አሁን እኔን ሌሊት ወዳስቀመጠኝ ነገር ልምጣ። የፔንሲዮኑን ገጽ የሠራሁት ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ነበር። እዚያ አሥራ ሁለቱም የክፍል ፎቶዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሰርቨሩ ላይ ስጭነው ሰባቱ ጠፉ። ካሜራው የፋይሉን ስም መጨረሻ በትልቁ የላቲን ፊደል ጽፎታል፣ እኔ ኮዱ ውስጥ በትንሹ ጽፌዋለሁ። ለዊንዶውስ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። እናንተ ከመጀመሪያው ሁሉንም የፋይል ስም በትንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ።

የአማርኛው ነገር ከዚህ የባሰ ነው፤ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፒኤችፒን በተራው የመቁጠሪያ ትዕዛዝ «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብትሉት ባይቱን ቆጥሮ 9 ይላችኋል። የዜና ርዕስን 50 ላይ ቁረጥ ብትሉት ፊደሉን መሐል ላይ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ መጨረሻው ላይ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ኤምቢስትሪንግ የሚባለው የፒኤችፒ ተጨማሪ ግን በትክክል 3 ብሎ ይቆጥራል። ሆስቲንጉ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ኢንትል የሚባለውም ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ቀኑን እስከ ጳጉሜን ድረስ በእኛ አቆጣጠር ያወጣላችኋል።

ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ስትከፍቱ ደግሞ የፊደል ስብስቡን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 በሉት። አንዳንድ ቦታ ሳይነገረው የአማርኛ ፊደል በሌለው ላቲን-1 ይከፈታል። ያኔ የጻፋችሁት አማርኛ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። አንዴ እንዲያ ከተቀመጠ ደግሞ አይመለስም፣ እንደገና ትጽፉታላችሁ።

ሻጩ በቅናሽ ቢያባብላችሁም የዓመት አትክፈሉ። የአንድ ወር ክፈሉና ፈትኑት። የፒኤችፒው ስሪት በ7 የሚጀምር ከሆነ ተዉት፤ የመጨረሻው 7.4 እንኳ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2022 ተቋርጧል። አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉና አስቀምጡ፣ ዘግታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። ገጹን በቢሮ ዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ፣ ደንበኛው ባለበት ከተማ አስከፍቱት። ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን) አውርዳችሁ ሌላ ቦታ ላይ መልሱት፤ ከተነሳ ያኔ የዓመቱን ክፈሉ።

ዶሜይኑና (የዌብሳይቱ አድራሻና) የሆስቲንጉ አካውንት በባለቤቱ ስም፣ በባለቤቱ ስልክና ኢሜይል ይመዝገብ። በእናንተ ስም አታድርጉት። እትዬ የይለፍ ቃላቸውን በሰማያዊ ደብተር በእጃቸው ጽፈው፣ ከፔንሲዮኑ ደረሰኞች ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል። ባለፈው ዓመት እኔ ከአገር ውጭ እያለሁ አንድ የሰፈራቸውን ልጅ ጠርተው፣ ደብተሩን ከፍተው፣ የክፍሎቹን ዋጋ አስቀይረዋል።