ወደ ሜጀር የሚያሸጋግር ሪጅናል አየር መንገድ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አንድ አነስተኛ ከተማ የሚሄድ መንገደኛ የሚሳፈርበት ባለ 50 ወይም ባለ 76 መቀመጫ ጄት ጅራቱ ላይ የዩናይትድን ምልክት፣ ጎኑ ላይ ደግሞ «ዩናይትድ ኤክስፕረስ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይቆማል። በሩ አጠገብ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን አውሮፕላኑን የሚያበርረው ሌላ ኩባንያ መሆኑን የሚናገር፣ መዳፍ የሚሸፍነው ትንሽ ጽሑፍ አለ። ኮክፒት ውስጥ የተቀመጡት ሁለቱ አብራሪዎች ደመወዛቸውንም የበረራ ፕሮግራማቸውንም የሚያገኙት ከዚያ በትንሹ ከተጻፈው ኩባንያ ነው። እንዲህ በትልቅ ኩባንያ ስም በኮንትራት የሚበርር አነስተኛ አየር መንገድ ሪጅናል ይባላል።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጅማ በኪው 400 ለበረረ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ በረራውን በራሱ አብራሪዎች ስለሚያከናውን፣ በኪው 400 ረዳት አብራሪነት የጀመረ ወጣት ቦይንግ 737 ላይ፣ ቆይቶም ሰፋፊዎቹ ላይ የሚደርሰው አሠሪውን ሳይለውጥ ነው። በአሜሪካ ግን ከሪጅናል ወደ ሜጀር፣ ማለትም እንደ ዴልታ፣ ዩናይትድና አሜሪካን ወዳሉት ትልልቅ ኩባንያዎች መሻገር ማለት አንዱን ሥራ ለቅቆ በሌላ ቦታ እንደ አዲስ መቀጠር ማለት ነው። ሲኒየሪቲ የምንለው የቅድሚያ ተራ ቁጥርም አብሮ አይሄድም፤ በአዲሱ ቤት ከዝርዝሩ ግርጌ ይጀመራል። ቤዝ የሚባለውን በረራቸው የሚነሣበትን ከተማ፣ የሚያበርሩትን አውሮፕላን፣ የዕረፍት ቀናቸውንና ካፒቴን የሚሆኑበትን ጊዜ የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው። ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ሪጅናሉን ለአንድ ለሁለት ዓመት ብቻ እንደሚያርፉበት ማረፊያ ከመቁጠር፣ እዚያው ብዙ ዓመት ሊያሳልፉ እንደሚችሉ ካለማሰብ ነው።

የጅራቱን ቀለም አይቶ መምረጥ

«ሕልሜ ዴልታ ስለሆነ የዴልታን ቀለም የተቀባውን አበርራለሁ» የሚል ጀማሪ ብዙ ነው። ቀለሙ ግን ባለቤቱን አያሳይም። ኤንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት የአሜሪካን አየር መንገድ ንብረቶች ናቸው፤ ኢንዴቨር የዴልታ ነው፤ ሆራይዘን የአላስካ ነው። ስካይዌስት በአንጻሩ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ በአንድ ጊዜ ለአራቱም፣ ለዩናይትድ፣ ለዴልታ፣ ለአሜሪካንና ለአላስካ ይበርራል። ስለዚህ ዴልታን የሚያልም ሰው ስካይዌስት ገብቶ የሥራ ዘመኑን በሙሉ በዩናይትድ ቀለም ሊያሳልፍ ይችላል፤ ይህም በራሱ ዴልታ ከመግባት አያግደውም፤ ምክንያቱም ቀጣሪዎቹ ማመልከቻው ላይ የሚመለከቱት ሰዓቱንና የሥልጠና መዝገቡን ነው።

ከቀለሙ ይልቅ መጠየቅ የሚገባው ኩባንያው በስንት ኮንትራት ላይ እንደቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት፣ የኮቪድ ወረርሽኝ መንገደኛውን ባጠፋበት ወቅት፣ ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ በቀናት ልዩነት ተዘጉ። በዚያው ዓመት ከዩናይትድ ጋር የነበረውን ኮንትራት ያጣው ኤክስፕረስጄትም የዩናይትድ በረራውን በመስከረም መጨረሻ አቆመ። በሜጀር ባለቤትነት ሥር መሆንም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሲንሲናቲ አጠገብ የነበረው ኮምኤር የዴልታ ንብረት ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2012 በባለቤቱ ውሳኔ ተዘግቷል። እነዚህ ኩባንያዎች በተዘጉበት ቀን የአብራሪዎቻቸው የተራ ቁጥር ሁሉ ዋጋ አጣ፤ የ20 ዓመት ካፒቴንም ሌላ ሪጅናል ቢቀጠር ከትናንት ተመራቂ ኋላ ይሰለፋል።

ፍሎውን እንደ ተቆረጠ ቀጠሮ መቁጠር

የአሜሪካን አየር መንገድ ሦስቱ ሪጅናሎች አብራሪዎቻቸው በተራቸው ያለ አዲስ ቃለ መጠይቅ ወደ እናት ኩባንያው የሚሻገሩበት ስምምነት አላቸው፤ ይህም በአብራሪዎች ዘንድ ፍሎው ይባላል። ዩናይትድ አቪዬት፣ ዴልታ ፕሮፔል የሚባሉ የራሳቸው መንገዶች አሏቸው። ሁሉም ጠቃሚ ናቸው፤ ችግሩ ቅጥር ክፍሉ «በዚህን ያህል ዓመት ትሻገራለህ» የሚለውን ግምት እንደ ቃል ኪዳን መውሰዱ ላይ ነው። በፍሎው የሚሻገረው ሰው ቁጥር በየወሩ የተገደበ ነው፤ ሜጀሩ መቅጠር ሲያቆም ደግሞ ፍሎውም ይቆማል።

ይህ በአንድ ፊርማ ሊሆን እንደሚችል ታሪክ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 የአሜሪካ ሕግ የአብራሪዎችን የግዴታ ጡረታ ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲያ 60 ሊደፍን የነበረው ካፒቴን ሌላ 5 ዓመት መቀመጫው ላይ ቆየ፤ በላዩ የ2008 የገንዘብ ቀውስ ተጨመረ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው ሊሻገሩ ያሰቡ የሪጅናል ረዳት አብራሪዎችም ሳይወዱ ሰነበቱ። እኔ ፍሎውን የማየው እንደ መድን ነው፤ መድን የገባ ሰው ማሽከርከሩን እንደማይተወው ሁሉ፣ ፍሎው ያለውም ሰው ለሌሎቹ ኩባንያዎች ማመልከቻውን በየወሩ ማደስ አለበት።

ለጉርሻው ብሎ መፈረም

የመፈረሚያ ጉርሻ የሚያስጎመጅ ነገር ነው፤ በተለይ ለበረራ ትምህርት የተበደረውን ገና መክፈል ላልጀመረ ሰው። ሆኖም የውሉ የመጨረሻ ገጾች ላይ ጉርሻው የሚመለስባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ከተባለው ጊዜ በፊት የለቀቀ ሰው ይመልሳል፤ አንዳንዱ ውል ካፒቴን ሆኖ የተወሰነ ጊዜ መቆየትንም ያስገድዳል። አንድ ጓደኛዬ ሜጀር በጠራው ወር ሪጅናሉ የጉርሻውን ሙሉ ገንዘብ፣ ግብር ተቆርጦለት እጁ ያልገባውን ጭምር፣ እንዲመልስ ጠየቀው፤ ገንዘቡን እስኪያሰባስብም የመግቢያ ቀኑን አስተላለፈ።

የማስተላለፉ ዋጋ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ጡረታው በ65 የተቆረጠ ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ዘግይቶ የገባ አብራሪ ከሥራ ዘመኑ የሚጎድልበት የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ አይደለም፤ የሚጎድልበት የመጨረሻው፣ የሰፊ አውሮፕላን ካፒቴን ሆኖ የሚያገኘው ትልቁ ደመወዝ ነው። አንድም ዓመት የሚያስር ጉርሻ ከዚህ ጋር ተመዛዝኖ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካን ሪጅናሎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር ካሳደጉ ወዲህ ሌሎቹም ስለተከተሉ፣ በሪጅናሎች መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት እንደ ድሮው ምርጫ የሚያስለውጥ አይመስለኝም።

ከቤት የራቀ ቤዝን ማቃለል

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው። ቤተሰቡ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ቤዙ ግን ቺካጎ የሆነ አብራሪ እናስብ። የአራት ቀን ጉዞው ጧት በ12 ሰዓት ከቺካጎ ይጀምራል፤ ስለዚህ በዋዜማው ማታ ከቤቱ መውጣት አለበት። ጉዞው የሚያልቀው ማታ በ4 ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው የዋሽንግተን በረራ ሄዷልና አድሮ በማግስቱ ይመለሳል። በወር አራት እንዲህ ያለ ጉዞ ቢኖረው እስከ 8 የሚደርስ የዕረፍት ቀኑ ያለ ክፍያ መንገድ ላይ ይቀራል። መንገዱም ቢሆን የተረጋገጠ አይደለም፤ የሚሄደው በተረፈ መቀመጫ ወይም ኮክፒት ውስጥ ባለችው ተጨማሪ መቀመጫ ነውና፣ ነጎድጓድ በጣለ የበጋ ማታ ሦስት በረራ ሞልቶ ሲሄድበት በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

ጀማሪው በዚያ ላይ ሪዘርቭ ነው። ሪዘርቭ የሆነ ሰው ስልኩ ሲጮህ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ኤርፖርት መገኘት ስላለበት ከቤቱ ሆኖ መጠበቅ አይችልም፤ በቤዙ ከተማ ክራሽ ፓድ የሚባል፣ ብዙ አብራሪዎች በጋራ የሚከራዩት ቤት ውስጥ አልጋ ይይዛል። እኔ የኖርኩበት አንድ ክፍል ሦስት ተደራራቢ አልጋ ነበረው፤ አንዱ በሌሊቱ 9 ሰዓት ለመውጣት ደወሉ ሲጮህ ሌላው ገና ከበረራ ገብቶ ጫማውን እየፈታ ነበር። በወር 17 እና 18 ቀን እዚያ ያሳለፍኩበት ጊዜ አለ፤ የበረርኩበት ግን ከግማሹ አይበልጥም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 12 ቀን 2009 ቡፋሎ አጠገብ በወደቀው የኮልጋን አየር መንገድ በረራ 3407 መሬት ላይ የነበረውን አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰዎች ሞተዋል። ረዳት አብራሪዋ በዋዜማው ሌሊቱን ሙሉ ከሲያትል ተጉዛ ነበር ወደ ኒውአርክ የደረሰችው። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት ያደረጉት የካፒቴኑን የተሳሳተ የመሪ አያያዝ ነው፤ ከቤዝ ርቆ የመኖር ጉዳይና የሪጅናል አብራሪዎች ዝቅተኛ ደመወዝ ግን የአገር መነጋገሪያ ሆነ። አዲስ ገቢ ሁሉ የሚረግመውና የሚያከብረው፣ ረዳት አብራሪ ሆኖ ለመቀጠር በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት የሚጠይቀው ሕግም የመጣው ከዚሁ አደጋ ነው።

ስለዚህ ከቤትዎ በመኪና የሚደረስ ቤዝ ያለው ሪጅናል፣ ስሙ ያነሰም ቢሆን፣ በብዙ ነገር ይበልጣል። ነገር ግን ቤዙ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አዲስ ገቢ እዚያ ለመመደብ ስንት ወር እንደሚፈጅበት መጠየቅ ያሻል፤ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቤዝ በተራ ስለሚሞላ ጀማሪው የሚላከው ሌላው ወደማይፈልገው ነው። (የእኛ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ ተራው ዝቅ ያለ አብራሪ የፈረንጆቹን ገና ታኅሣሥ 16 ቀን ሲሠራ ይውላል፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ዕረፍት መጠየቅ ግን ማንም አይሻማበትም።)

የካፒቴንነት ጊዜን በማስታወቂያው መለካት

ሕጉ በአሜሪካ አየር መንገድ ካፒቴን ለመሆን በመሰል የመንገደኛ በረራ የተሰበሰበ 1,000 ሰዓት ይጠይቃል። ማስታወቂያው «በአንድ ዓመት ካፒቴን» ሲል ስሌቱ የሚቆመው በወር 75 ሰዓት ገደማ በመብረር ላይ ነው፤ በዚህ ፍጥነት 1,000 ሰዓት በ13 እና በ14 ወር መካከል ይሞላል። ኩባንያው ካፒቴን አጥሮት ረዳት አብራሪ ሲበዛበት ግን ጀማሪው ሪዘርቭ ላይ ተቀምጦ በወር 30 ሰዓት ብቻ ሊበር ይችላል፤ ያኔ መንገዱ 33 ወር ይሆናል። የሪዘርቭ ዝቅተኛ ክፍያ የተረጋገጠ ስለሆነ ደመወዙ ይገባል፤ ሰዓቱ ግን አይገባም። ለሚሻገር ሰው የሚጎዳውም ይኸኛው ነው፤ ሜጀሮቹ አብራሪ በሚያጥራቸው ጊዜ ረዳት አብራሪንም ይወስዳሉ፤ መርጠው በሚቀጥሩበት ጊዜ ግን በካፒቴንነት የተመዘገበ የጄት ሰዓት ያለውን ያስቀድማሉ።

አውሮፕላንን መምረጥ

ሪጅናሎች ከሚያበርሯቸው ጄቶች መካከል ኢ175 ከሲአርጄ 200 የተሻለ ምቾት አለው፤ ኮክፒቱም ለዛሬዎቹ ትልልቅ አውሮፕላኖች የቀረበ ነው። ከዚህ አልፎ በአውሮፕላን ዓይነት ኩባንያ መምረጥ አያስፈልግም።

የውጭ አገር ሰዓትን ከመጠን በላይ መተማመን

ይህ ከአገር ቤት ብዙ ሰዓት ይዘው በዲቪ ወይም በቤተሰብ ለመጡ አብራሪዎች ነው። በቦይንግ 777 ላይ የተሰበሰበ ሰዓት ለ1,500ው ይቆጠራል፤ በውጭ አየር መንገድ የተሰበሰበ ግን ካፒቴን ለመሆን ለሚያስፈልገው 1,000 አይቆጠርም። ስለዚህ ሺህ ሺህ ሰዓት ያለው ካፒቴን፣ ልጁ ሊሆን ከሚችል ካፒቴን ቀኝ ተቀምጦ 1,000 ሰዓት እንደገና መሰብሰብ ግድ ይሆንበታል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ቅሬታ ይዞ ሥልጠና ይገባል፤ ሥልጠና ውስጥ ደግሞ ቅሬታ ቶሎ ይታያል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዋናው መለኪያ ረዳት አብራሪዎቹን በብዛት የሚያበርር ኩባንያ ማግኘት ነው።

የሥልጠና ክፍሉን ሳያጣሩ መግባት

በሲሙሌተር ወይም በመጨረሻ ፈተና የወደቁበት ውጤት የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ኤፍኤኤ በሚይዘው የአብራሪዎች መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ቀጣዩ ቀጣሪም ያየዋል። አንድ መውደቅ ተብራርቶ ይታለፋል፤ ሁለት ሦስት ሲሆን ግን የትኛውም ጉርሻ አያካክሰውም። ሰልጣኝ የሚደግፍና ሰልጣኝ የሚያጣራ የሥልጠና ክፍል መኖሩ በአብራሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የቅጥር ክፍሉ ሰው ግን አይነግርዎትም።

መጠየቅ ያለበት ያለፈው ዓመት የገባ ረዳት አብራሪ ነው፤ በኤርፖርት ኮሪደር ላይ ሦስት መስመር ትከሻው ላይ ያደረገ ወጣት ካገኙ ቡና ይጋብዙት። «ኩባንያው እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁት «ጥሩ ነው» ይልዎታል። ይልቁንስ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ሰዓት እንደበረረ፣ አብረውት ከገቡት መካከል ስንቱ ሥልጠናውን እንዳለፉ፣ በየትኛው ቤዝ እንደተመደበና የሚፈልገውን ለማግኘት በተራው ስንተኛ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ስልኩን አውጥቶ የበረራ መዝገቡን ያሳይዎታል።