«ከመስመራችሁ ጥቃት እየወጣ ነው» ስትባሉ

ምልክቱ፦ የቢሮው ኢሜይል እየተመለሰ ይመጣል። ጉግል ሰዉን ሁሉ «ሮቦት አይደለሁም» ያስብላል። ከዚያ ኢንተርኔት አቅራቢው መስመሩን ይዘጋዋል።

ፖርት 25 (ኢሜይል የሚወጣበት የቆየ በር) ብቻ ከተዘጋ አቅራቢው ልክ ነው፤ ኢሜይሉን በ587 ላኩ። ጥፋቱ የካሜራ መቅጃው ከሆነ አጥፍቶ ማብራት ሚራይን (ካሜራና መሰል ዕቃዎችን የሚይዘውን ቫይረስ) ያጸዳዋል። ፓስወርዱን ካልቀየራችሁ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል።

እኔ ሁሌ የማገኘው ሌላ ነው። ኮምፒውተሮቹ በአንቲቫይረስ ሲታመሱ ይውላሉ፣ ጥፋተኛው ግን ጥግ ላይ አቧራ የጠጣው ማይክሮቲክ ራውተር ነው።

በፈረንጆቹ 2018 ዊንቦክስ በሚባለው የማይክሮቲክ ማስተዳደሪያ ላይ ፓስወርድ የሚያሰርቅ ቀዳዳ ተገኘ። ማስተካከያው በዚያው ዓመት ሚያዝያ በራውተሩ ሶፍትዌር ስሪት 6.42.1 ወጣ። ብዙዎች አፕዴት አደረጉና ተኙ። በሩ ተጠገነ፣ ቁልፉ ግን ሌባው ኪስ ውስጥ ቀረ። በ2021 ሜሪስ የተባለው ቦትኔት (ሌባ በርቀት የሚያዝዛቸው የተጠለፉ መሣሪያዎች ስብስብ) ሲነሳ፣ ማይክሮቲክ ራሱ እነዚያው በ2018 የተጠቁት ራውተሮች ናቸው አለ።

በዊንቦክስ ገብታችሁ «ሲስተም» ውስጥ ስኬጁለርን (ትእዛዝ በሰዓቱ የሚያስኬደውን) ክፈቱ። እናንተ ያልጻፋችሁት፣ በየጥቂት ደቂቃው ከማይታወቅ ድረ ገጽ ፋይል የሚያወርድ ትእዛዝ ካያችሁ አትድከሙ፣ ራውተሩ ተይዟል። «አይፒ» በሚለው ውስጥ ሶክስንም (የሌላን ሰው ግንኙነት በእናንተ መስመር የሚያሳልፈውን) እዩ። ሳታበሩት በርቶ ከሆነ የማታውቁት ሰው በእናንተ አድራሻ እየወጣ ነው።

መፍትሄው በኔትኢንስታል (የማይክሮቲክ መጫኛ ፕሮግራም) የራውተሩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን፣ አዲስ ፓስወርድ መስጠት፣ ዊንቦክስን ከውጭ በኩል መዝጋት ነው። የድሮውን ባክአፕ እንዳትመልሱ! አንድ ሆቴል ቴክኒሻኑ አሳምሮ አጸዳና ባክአፑን መለሰ። ስኬጁለሩም አብሮ ተመለሰ። ከሰዓት መስመሩ ተዘጋ፣ እሱ ደግሞ «አቅራቢው ነው የሚያሳድደን» እያለ ይምላል። ቅንብሩን በእጃችሁ ጻፉት፣ ይሰለቻል እንጂ አይገድልም። ፓስወርዱንም የድርጅቱ ስም ከነ123 አታድርጉት፣ እባካችሁ።

አቅራቢውም ነፃ አይደለም። «ቫይረስ አለባችሁ» ብሎ መዝጋት ምን ይጠቅማል? ጥቃቱ የወጣበትን ትክክለኛ ሰዓት፣ መነሻ ፖርቱንና መድረሻውን ጠይቁት። አንድ የውጭ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ለብዙ ደንበኛ በሚታደልበት መስመር ላይ ያለ ሰዓትና ያለ ፖርት ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም። የጎረቤት ጣጣ እናንተ ላይ ሊላከክ ይችላል።

ራውተሩን የሰጣችሁ አቅራቢው ከሆነ፣ አድሚን ፓስወርዱንም ይዞ ከቀረ፣ ጥገናው የራሱ ነው። በፈረንጆቹ ኅዳር 2016 ጀርመን ውስጥ 900,000 ገደማ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች መስመር ተቋረጠ። ጥቃቱ የመጣው ለርቀት ጥገና ክፍት በነበረው ፖርት 7547 ነው። ደንበኛው ምን አጠፋ? ማስተካከያውን ያወጣው ኩባንያው ነው። ጃፓን ከ2019 ጀምሮ ደካማ ፓስወርድ ያላቸውን መሣሪያዎች እየፈለገች በአቅራቢዎቹ በኩል ባለቤቶቹን ታስጠነቅቃለች። እንዲህ ቢነገረን ማን ይጠላል?

«ከብላክሊስት (ኢሜይላችሁን ከሚያስመልሰው የተጠርጣሪ አድራሻዎች ዝርዝር) አውጡን» የሚለውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ራውተሩ ሳይጸዳ ከጠየቃችሁ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ።