የቅርሱ ነጥብ ቦታውን ሲስት፦ የኮኦርዲኔት ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ቤተ ክርስቲያኑ በሳተላይት ምስሉ ላይ ከነደኑ ይታያል። የዳታቤዙ ነጥብ ግን ከእሱ በስተደቡብ ምዕራብ፣ 225 ሜትር ያህል ርቆ፣ የሰው ማሳ ውስጥ ተቀምጧል።

ምክንያት፦ ዳተም፣ ማለትም ኮኦርዲኔቱ የሚለካበት መነሻ ሥርዓት። ለማስተካከል የሚመጡልኝ ፋይሎች አብዛኞቹ በሽታቸው ይሄ ነው። የቆዩት 1:50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው። የሳተላይት ምስሉ የሚሠራው ደግሞ በሌላ ዳተም፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84። ላሊበላ አካባቢ አንዱ ቦታ በአዲንዳን ሲነበብ ኢስቲንጉ (ወደ ምሥራቅ የሚቆጥረው ቁጥር) በ92፣ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን የሚቆጥረው) በ207 ሜትር ገደማ ያንሳል። ካርታው ላይ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

መሬት ላይ ግን ጉድ ያመጣል። አንድ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መንገድ ሊሠራ ነበር። በነጥባችን መሠረት መንገዱ በሩቁ ያልፋል። ሄደን ስናይ የቀያሾቹ ችካል መቃብሩ አጥር ሥር ተተክሏል። ቄሰ ገበዙ ችካሉን በመቋሚያቸው እየነኩ «ልጆቼ፣ ይሄን ማን ፈቀደ?» አሉን። ጂፒኤሱን ከፍቼ ሴቲንጉን ሳይ አዲንዳን ላይ ነው። ከሌላ ክፍል በውሰት የመጣ ነበር። ቅጹ ላይ «ጂፒኤስ» ስለተባለ ሁላችንም ደብሊው ጂ ኤስ ነው ብለን አልፈነዋል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ በምስሉ ላይ በግልጽ የሚታዩ አምስት ቦታዎችን ፈትሹ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት ከሸሹ ዳተሙ ነው። እዚህም እዚያም ከተበተኑ ሌላ ችግር ነው፤ አትንኩት። ዳተሙ ከሆነ በኪው ጂ አይ ኤስ (የካርታ ሶፍትዌር ነው) ፋይሉ ኢፒኤስጂ 20137 (የአዲንዳን መለያ ቁጥር) መሆኑን ንገሩት፤ ከዚያ ወደ 32637 (የደብሊው ጂ ኤስ 84 መለያ) ቀይራችሁ በአዲስ ስም አስቀምጡ። ስሙን ብቻ 32637 ማለት ምንም አያንቀሳቅስም! የመቀየሪያ ምርጫ ሲያመጣላችሁ የኢትዮጵያውን ውሰዱ፤ የቡርኪና ፋሶና የካሜሩንም አለ። የድሮውን ቁጥር አታጥፉ። መቀየሩንም ጻፉ፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ይቀይረውና ነጥቡ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሻገራል። እባካችሁ፣ የዳተም ሳጥኑ ባዶ የሆነ ቅጽ አትቀበሉ።

ነጥቡ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከራቀ ዞኑን፣ ማለትም ኢስቲንጉ የሚቆጠርበትን የካርታ ክፍል፣ እዩ። ድሬዳዋ ዞን 37 ነው፤ ሐረር ግን 38። ጋምቤላ ከተማ 36 ነው።

የጢያ ትክል ድንጋዮች ሶማሊያ ከወደቁ ኢስቲንግና ኖርዚንግ ተገለባብጠዋል። «ሰባት አኃዝ ያለው ኖርዚንግ ነው» የሚለው ዘዴ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ አይሠራም። ጢያ ላይ ሁለቱም ስድስት አኃዝ ናቸው።

ስህተቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነ 12°01′54″ን 12.0154 ብሎ የጻፈ ሰው አለ። ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3600 አካፍላችሁ ደምሩ፤ 12.0317 ይመጣል።