የተረሱ የድሮ ፊልሞችን ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የድሮ ፊልም ወዳጅ ከሆናችሁ ይህ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ለጓደኛችሁ አንድ ፊልም ትጠቁማላችሁ። "መቼ የተሠራ ነው?" ይላችኋል። 1955 ስትሉት ፊቱ ይለወጣል። ጥቁርና ነጭ መሆኑን ከጨመራችሁበትማ አለቀ፣ ወዲያው ሌላ ጨዋታ ይጀመራል። አልፈርድበትም። ምናልባት አንድ ሁለቴ ሞክሮ ደብሮት ይሆናል። ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። ወይ የተበላሸ ኮፒ አይቷል፣ ወይ መጀመር የሌለበት ቦታ ጀምሯል፣ ወይም ገና ሳያየው "ጥሩ ቢሆን እሰማው ነበር" ብሏል።

ዓመቶቹ፣ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር" ማለት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ፊልም የሚረሳው መጥፎ ስለሆነ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ፊልም በሰበብ አስባቡ ይረሳል። በማይሆን ሳምንት ሲኒማ ቤት ይገባል። አከፋፋዩ ይከስራል። ባለመብቶቹ ይካሰሳሉ። ተቺዎች በወጣበት ሳምንት ያብጠለጥሉታል፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

"ዘ ናይት ኦፍ ዘ ሀንተር"ን እንውሰድ። ታዋቂው እንግሊዛዊ ተዋናይ ቻርልስ ላውተን በ1955 ያዘጋጀው ፊልም ነው። ሮበርት ሚችም የሐሰት ሰባኪ ሆኖ ይሠራል። በአንድ እጁ ጣቶች ላይ "ፍቅር"፣ በሌላው "ጥላቻ" የሚል ንቅሳት አለው። መዝሙር እያንጎራጎረ ሁለት ሕፃናትን ያሳድዳል። አባታቸው የዘረፈው ገንዘብ የት እንደተደበቀ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ልጆቹ በሌሊት በጀልባ ሲሸሹ ካሜራው ከወንዙ ዳር ሆኖ፣ በሸረሪት ድር በኩል፣ በእንቁራሪት በኩል፣ በጥንቸል በኩል ያያቸዋል። ፊልሙ ያስፈራል፤ ደግሞም ማታ ማታ የሚነገር ተረት ይመስላል። ያኔ ሕዝቡም ተቺውም ፊት ነሳው። ላውተን ከዚያ ወዲህ ሌላ ፊልም ሳያዘጋጅ በ1962 ሞተ። ዛሬ ፊልሙ ከአሜሪካ ምርጦች ጋር ይጠራል። ለሰውየው ግን ምን ያደርግለታል?

ወደ ሕንድም እንሂድ። የሕንድ ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ትውልድ እንዳስለቀሰ እናውቃለን። ቢሆንም የጉሩ ዳትን "ካጋዝ ኬ ፑል" አየሁ የሚል ሰው ብዙም አይገጥመኝም። በ1959 የወጣ ነው። በሲኒማስኮፕ፣ ማለትም በሰፊው ስክሪን፣ የተሠራ የመጀመሪያው የሕንድ ፊልም እሱ ነው። ታሪኩ ስም የነበረው ዳይሬክተር እንዴት እንደወደቀ ያሳያል። ፊልሙ ራሱም ወደቀ፣ ከባድ ኪሳራ። ጉሩ ዳት ከዚያ በኋላ በየትኛውም ፊልም ላይ ዳይሬክተር ተብሎ ስሙን አላስጻፈም። በ1964፣ በ39 ዓመቱ ሞተ። አንድ ትዕይንት ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ ዋሂዳ ረህማንና እሱ በባዶው ስቱዲዮ ውስጥ ተራርቀው የሚቆሙበትን ዘፈን ፈልጉ። ከጣሪያው የሚወርደውን የብርሃን ዘንግ ያበጀው ቪ. ኬ. ሙርቲ የተባለ የካሜራ ባለሙያ ነው። ስንት ቪዲዮ ክሊፕ ያንን ብርሃን ሊያመጣ ሞክሮ አቃተው መሰላችሁ።

ታዋቂ መሆንም እንደዚሁ የአጋጣሚ ነገር ነው። "ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ" በ1946 ሲወጣ ወጪውን አልመለሰም። በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ ቀረ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነፃ አገኙትና በየገናው ያሳዩት ጀመር። አሁን ያለሱ ገና የማይመስላቸው አሜሪካውያን አሉ። ፊልሙ አንድም ፍሬም አልተቀየረም።

ያገኙትን ኮፒ ማየት

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የድሮ ፊልምን የሚጠላው በዚህ ነው።

"ዲቱር" የሚባል በ1945 በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ወንጀል ነክ ፊልም አለ። ኤድጋር ኡልመር ነው ያዘጋጀው። 68 ደቂቃ ብቻ ነው። ከኒው ዮርክ ተነስቶ በልመና ሊፍት ወደ ሎስ አንጀለስ የሚሄድ ፒያኒስት፣ መንገድ ላይ የሞተ ሰው፣ ከዚያ ደግሞ አንዲት የማትለቅ ሴት። የመብት ጠያቂ ስላልነበረው ማንም እየቀዳ ሲሸጠውና ሲያሳየው ኖረ። ለአሥርተ ዓመታት ሰው ያየው የተጫጫረ፣ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ፣ የሰው ፊት በቅጡ የማይለይበት ኮፒ ነበር። በ2018 ታድሶ ሲወጣ ልዩነቱ ጉድ ያሰኛል። አሁንም ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉት ቀድሞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አሮጌው ነው። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ስጡትና የታደሰውን ፈልጉ።

ድምፅ አልባ ፊልም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የድሮ ሰዎች እንደ ጉንዳን ሲርመሰመሱ አይታችሁ ስቃችኋል? እንደዚያ አልተቀረጹም። ብዙዎቹ ፊልሞች የተቀረጹት ካሜራው በእጅ እየተዘወረ፣ በሰከንድ ከ24 ባነሰ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ነው። በኋላ ደረጃ በሆነው በ24 ሲታዩ ይሮጣሉ። ፍጥነቱ የተስተካከለ ኮፒ ስታዩ ያ የሚያስቅ ሰው ድንገት ሰው ይሆናል፤ ሐዘኑም ሐዘን ይሆናል።

ከዚያ የራሳችሁ ቴሌቪዥን አለ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ ፊልሞች ወደ ካሬ የሚጠጉ ናቸው። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መቅረት አለበት። "ስክሪኑን ይሙላልን" ብላችሁ በሪሞት ስትለጥጡት ተዋናዩ ሁሉ ይወፍራል፤ ስታስጠጉት ደግሞ ራሱ ይቆረጣል። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ሴቲንግም አለ። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ በርቶ ነው የሚመጣው። ፊልሙን የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለዋል። አጥፉት። ለአዲስ ፊልምም ቢሆን አጥፉት።

ጥሩ ኮፒ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን ለማወቅ የአንድ ፊልም ዕጣ ይበቃል። ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድሬየር በ1928 ስለ ፈረንሳዊቷ ልጃገረድ ስለ ዣን ዳርክ ፍርድ ፊልም ሠራ። ከሞላ ጎደል ፊት ብቻ ነው፤ የከሳሾች ፊት፣ የዳኞች ፊት፣ የልጅቷ ፊት። ኮፒዎች የሚታተሙበት ዋናው ኔጋቲቭ ተቃጠለ። ድሬየር ከተረፉት ቀረጻዎች እንደገና አቀናበረ። እሱም ተቃጠለ። ለአምሳ ዓመት ሰው የቆራረጠ ነገር ሲያይ ቆየ። በ1981 ኦስሎ ውስጥ፣ ከአንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ዕቃ መካከል፣ የመጀመሪያው ቅጂ ብቅ አለ። ማን ወስዶ እዚያ እንዳስቀመጠው እንጃ። ይሄኛው ዕድለኛ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ እዚያ አገር ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ በወጡበት መልክ የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

ቀለም የተቀባ ማየት

አጭር ነው፤ አትዩ። በ1980ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በኮምፒውተር መቀባት ፋሽን ሆኖ ነበር። ዳይሬክተሮች ተንጫጩ፣ ጉዳዩ የአሜሪካ ኮንግረስ ድረስ ደረሰ። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራውን አቅልሎት በየቦታው እያየነው ነው። የካሜራ ባለሙያው ብርሃኑንና ጥላውን ያሰላው ለጥቁርና ነጭ ነው። ስትቀቡት ጥላው ጭቃ ይሆናል።

ከደረጃ ዝርዝር አናት መጀመር

"ሳይት ኤንድ ሳውንድ" የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየአሥር ዓመቱ የዓለም ምርጥ ፊልሞችን በድምፅ ያስመርጣል። ከ1962 እስከ 2002 አንደኛው "ሲቲዝን ኬን" ነበር። በ2012 "ቨርቲጎ" ወሰደው። ይህ ፊልም በ1958 ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለ አቀባበል የገጠመው ነው። በ2022 ደግሞ የሻንታል አከርማን "ዣን ዲልማን" አንደኛ ወጣ። ድንች ስትልጥ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ አልጋ ስታነጥፍ የምትውል የቤት እመቤትን 201 ደቂቃ እናያለን። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ግን የድሮ ፊልም ለምዶ የማያውቅ ሰው "አንደኛ ነው ተብሏል" ብሎ በእሱ ቢጀምር፣ በሃያኛው ደቂቃ ተኝቶ ነው የምታገኙት። ሊወቀስም አይገባም።

በአጫጭሮቹ ጀምሩ። ያኔ ሲኒማ ቤቶች ሁለት ፊልም በአንድ ትኬት ያሳዩ ስለነበር፣ ሁለተኛው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ 70 ደቂቃ ገደማ ነው። ገንዘብ የለም፣ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም መሄድም የለም። "ዲቱር" ከእነዚህ አንዱ ነው። አይዳ ሉፒኖ በ1953 ያዘጋጀችው "ዘ ሂች-ሃይከር"ም 71 ደቂቃ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ለዓሣ ማጥመድ ወጥተው መንገድ ላይ አንድ ሰው ያሳፍራሉ። ሰውየው ነፍሰ ገዳይ ነው። አንድ ዓይኑ ስለማይከደን ተኝቶ ይሁን ነቅቶ አያውቁም። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ፊልም ታዘጋጅ የነበረች ሴት ከእሷ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል፤ ግን ይህን ባታውቁም ፊልሙ ልብ ያንጠለጥላል።

በሪካፕ መጨረስ

"ሙሉ ፊልሙን በ12 ደቂቃ" የሚሉት የአማርኛ ተራኪዎች ጎበዞች ናቸው፤ እኔም ምሳ እየበላሁ አያለሁ። ለአዲስ የተኩስ ፊልም ይሁን። ለእነዚህ ግን አይሆንም። የድሬየርን ፊልም "ልጅቷን ከሰሷት፣ ፈረዱባት፣ አቃጠሏት" ብላችሁ ብትነግሩኝ ምን ነገራችሁኝ?

አሮጌ ስለሆነ ብቻ ማድነቅ

ይሄ የእኛ የወዳጆቹ በሽታ ነው። ድሮም ቢሆን የሚበዛው ፊልም ተራ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ከተራም የባሰ ነው። ሆሊውድ አፍሪካን የሳለባቸውን የጫካ ፊልሞች "ዘመኑ ነው" ብዬ ፈገግ ልል አልችልም። በዚያው ዘመንም የሚያፍርበትና የሚቃወመው ሰው ነበር። የሚያስጠላችሁን ጥሉት፤ ማንም አይፈትናችሁም።

"የድሮ ፊልም" ሲባል አሜሪካን ብቻ ማሰብ

እስካሁን የጠራኋቸው አብዛኞቹ ከዚያው ሰፈር ናቸው፣ ስለዚህ ወደ አህጉራችን ልመለስ።

የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ1966 "ጥቁሯ ልጅ"ን ሠራ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዲዋና የምትባል ወጣት ዳካር ውስጥ የፈረንጆች ልጆች ጠባቂ ትሆናለች። ፈረንሳይ ሲወስዷት ደስ ብሏት ነው የሄደችው። እዚያ ስትደርስ ግን ማብሰል፣ ማጠብ፣ ማጽዳት ብቻ ሆነ። ከአፓርታማው አትወጣም። ደብዳቤዋን እንኳ አሠሪዋ ነው የሚጽፍላት። ቤሩት ወይም ሪያድ ሠርታ የተመለሰች እህት ያለችው ሰው ይህን ፊልም እንደ ድሮ ፊልም ሊያየው አይችልም። የዚያው አገር ልጅ ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1973 "ቱኪ ቡኪ"ን አመጣ። ሁለት ፍቅረኛሞች ፓሪስ ለመሄድ ገንዘብ ያሳድዳሉ። የበሬ ቀንድ የታሰረበት ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጠው ነው የሚዞሩት። ትረካው ይዘላል፣ ይመለሳል፤ ለመጀመሪያ ቀን አልመክረውም።

የእኛ አገር ሰው ስለ ድሮ ፊልማችን ሲነሳ "ሂሩት አባቷ ማነው"ን ይጠራል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። የኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ግን ከሚገባው በታች ነው የሚነሳው። ንጉሡ ወርደው ደርግ በተተካበት ሰሞን፣ ገጠር ውስጥ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ተቀረጸ። በ1976 ለዕይታ በቃ። ባላገሩ ያርሳል፣ ባላባቱ ከላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ከበበ የተባለው እንደ እብድ የሚታይ ሰው ደግሞ ማንም የማይደፍረውን ይናገራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ዝግ ይላል። ግን ቋንቋው የእናንተ ስለሆነ የግርጌ ጽሑፍ ከሚያነበው ፈረንጅ በላይ ታተርፋላችሁ።

ገሪማ ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከሠራቸው አንዱ "ቡሽ ማማ" ነው። ካሜራ ከያዙለት መካከል አብሮት የሚማረው ቻርልስ በርኔት ነበር። በርኔት ራሱ "ኪለር ኦፍ ሺፕ"ን ለመመረቂያው ሠራ። የቄራ ሠራተኛ የሆነ የጥቁር ቤተሰብ አባት ታሪክ ነው። በ1978 ቢታይም፣ ውስጡ ላሉት ዘፈኖች መብት የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ ወደ ሲኒማ ቤቶች በወጉ የገባው በ2007 ነው። "ቡሽ ማማ" እና "ኪለር ኦፍ ሺፕ" እያንዳንዳቸው ከሁለት ሰዓት በታች ስለሆኑ በአንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ማየት ይቻላል። የገሪማን አስቀድሙ፤ ይጮሃል፣ ያናድዳል። የበርኔት ዝምታ ከእሱ በኋላ ሲመጣ ይበልጥ ይገባል።