የቤት ቪዲዮ ካሜራ ስትገዙ የሚሸውዷችሁ ነገሮች

ለልጅ ልደት፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት ወይ ደሞ እናትና አባትን ቁጭ አድርጎ ታሪካቸውን ለመቅረጽ ትንሽዬ ኤችዲ ካምኮርደር ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው፣ ሻጩም የሚያነብለት እሱኑ ነው። ያ ቁጥር ግን ካሜራው ሳሎናችሁ ውስጥ፣ ማታ፣ በአንድ አምፖል፣ ልጆች እየጮሁ ምን እንደሚያወጣ አይነግራችሁም። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው "የት ነው የምትቀርጸው?" ነው፣ ብዙው ስህተት የሚመጣው ይሄን ሳያስቡ ከመግዛት ነው።

የዙም ቁጥር ማሳደድ

ዙም ሁለት አይነት ነው። ኦፕቲካሉ ሌንሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የሚያቀርበው ነው፣ ጥራቱን አይጎዳም። ዲጂታሉ ግን የምስሉን መሀል ቆርጦ መለጠጥ ነው፣ ስልክ ላይ ፎቶ በሁለት ጣት ስትከፍቱት እንደሚሆነው ማለት ነው፣ አዲስ ነገር አይመጣም፣ ያለው ነው የሚደበዝዘው። ስለዚህ መቶ ምናምን ኤክስ (እጥፍ) የሚለውን ትታችሁ "ኦፕቲካል" ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ፈልጉ። ታዋቂዎቹን የቤት ካሜራዎች ብናይ ሶኒ ኤችዲአር ሲኤክስ405 ባለ 30ኤክስ፣ ካነን ኤችኤፍ አር800 ባለ 32ኤክስ፣ ፓናሶኒክ ኤችሲ ቪ180 ደሞ ባለ 50ኤክስ ኦፕቲካል ዙም ናቸው። እውነቱን ለመናገር 30ው ራሱ ለቤት ይበዛል፣ እስከመጨረሻው አቅርባችሁ ያለ ትራይፖድ በእጅ ከያዛችሁት ምስሉ እየዘለለ ነው የሚወጣው።

ማንም የማይጠይቀው የዙሙን ሌላኛውን ጫፍ ነው፣ ምንም ሳታቀርቡ ምን ያህል ስፋት ያያል የሚለውን። ይሄ በሚሊሜትር ነው የሚገለጸው፣ ስፔኩ (የካሜራው ዝርዝር መግለጫ) ላይ "ከ35 ሚሜ ጋር ሲነጻጸር" ከሚለው ስር ታገኙታላችሁ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካሜራው ሰፋ አድርጎ ያያል። ሶኒው ወደ 27 ነው፣ ፓናሶኒኩ 28፣ ካነኑ ግን 38.5። ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም አይደል? ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ግን ካነኑን የያዘው ሰው ጀርባው ግድግዳ ነክቶም ኬኩን ከከበቡት ሰዎች ዳር ዳር የቆሙትን ያስቀራቸዋል፣ እና ዳር የሚቆሙት ደሞ ሁሌ አክስቶችና አያቶች ናቸው። ሱቅ ውስጥ የምትሞክሩት ነገር ቀላል ነው፣ ካሜራውን ክፈቱና ጥግ ላይ ቁሙ፣ ስክሪኑ ላይ ስንት ሰው ገባ ብላችሁ ቁጠሩ።

ስም የለሽ "4ኬ 48 ሜጋፒክስል"

ኦንላይን ታዩታላችሁ፣ 4ኬ ነው፣ 48 ሜጋፒክስል ነው፣ ማይክ፣ መብራት፣ ሪሞት፣ ሁለት ባትሪ አብሮት አለ፣ ዋጋው ደሞ ከሶኒው ግማሽ። ስሙን ግን ሰምታችሁት አታውቁም። የነዚህ ብዙዎቹ 16ኤክስ ወይ 18ኤክስ የሚሉት ዙም ዲጂታል ነው፣ ሌንሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሜጋፒክስሉም በሶፍትዌር የተነፋ ነው። ደሞ አስቡት፣ ፉል ኤችዲ ማለት 1920 በ1080 ነው፣ ስታባዙት ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ነው፣ 4ኬውም 3840 በ2160 ሆኖ 8 ሚሊዮን ምናምን ነው፣ ታዲያ 48 ሜጋፒክስል ለቪዲዮ ምን ይሰራል?

ለመለየት ሌንሱን ፊት ለፊት እዩት። እውነተኛ ዙም ያለው ሌንስ ላይ ሁለት የሚሊሜትር ቁጥር በሰረዝ ተያይዞ ይጻፋል፣ ከዚህ እስከዚህ እንደማለት። አንድ ቁጥር ብቻ ካለ ወይ ጭራሽ ምንም ካልተጻፈ ተጠራጠሩ።

የሱቁ በር ላይ መሞከር

መርካቶ ሄዳችሁ ካሜራ ሞክሩ ስትባሉ ወደ በሩ ይዘዋችሁ ይወጣሉ፣ ፀሀይ ላይ። ፀሀይ ላይ ደሞ መጥፎ ካሜራ የለም፣ ጥምቀትን በቀን ለመቅረጽ ማንኛውም ይበቃል። ልዩነቱ የሚወጣው ማታ ሻማው በርቶ መብራት ሲጠፋ ነው፣ ያኔ ደካማው ካሜራ ምስሉን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ያደርገዋል፣ ፊት መለየት ያቅታል።

ይሄን የሚወስነው በዋናነት የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ መጠን ነው። ሲኤክስ405 ላይ 1/5.8 ኢንች ነው፣ በጣም ትንሽ፣ ከፍ ያለው ሶኒ ኤፍዲአር ኤኤክስ53 ላይ ደሞ 1/2.5 ኢንች ነው። ከስር ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ሴንሰሩ ትልቅ ነው፣ ሰው እዚህ ጋ ገልብጦ ነው የሚያነበው። ስፔክ ላይ ይሄን ያህል ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) የሚለውን ብዙ አትመኑት፣ ሁሉም ኩባንያ በራሱ መንገድ ነው የሚለካው። ይልቅ የሱቁን ጨለማ ጥግ ቅረጹና ቲቪ ላይ ሰክታችሁ እዩት፣ የካሜራው ትንሽዬ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ያምራል።

ከአሜሪካ ሰው ይዞልኝ ይምጣ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሻጭም አይነግራችሁም፣ ይዞ የሚመጣውም ዘመድ አያውቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ ነው፣ አሜሪካ 60። ፍሎረሰንትና ብዙ ርካሽ ኤልኢዲ መብራቶች በዚህ ልክ ይርገበገባሉ፣ እኛ አገር በሰከንድ 100 ጊዜ ማለት ነው፣ አይናችን አያየውም። ለአሜሪካ ገበያ የተሰራ ካሜራ ደሞ በሰከንድ 60 ምስል አድርጎ ነው የሚቀርጸው፣ የእኛ አካባቢው 50። ሁለቱ አልገጥም ሲሉ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ ብልጭ ድርግም እያለ ይመጣል ወይ ጥቁር መስመር ይሄድበታል። ብዙዎቹ የቤት ካሜራዎች ላይ ደሞ ይሄን ከሜኑ መቀየር አይቻልም፣ ሲሰራ ጀምሮ የተዘጋ ነው።

ሸተርን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) በእጅ ማስተካከል የሚያስችል ካሜራ ከሆነ 1/100 ላይ ስታደርጉት አብዛኛው ጊዜ ይጠፋል፣ ርካሾቹ ግን ያንን አይሰጧችሁም። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ወይ ከእስራኤል የሚመጣ ዘመድ ጠይቁ፣ እነሱም 50 ኸርዝ ናቸው። ዋሽንግተን ያላችሁ ደሞ ለናንተ ግልባጩ ነው፣ በዱባይ ትራንዚት ስታልፉ ረከሰ ብላችሁ አታንሱ። ካሜራው ካለ በኋላ አትጣሉት በርግጥ፣ በቀን ብርሃን ምንም ችግር የለውም። ቻርጀሩ ብዙ አያሳስብም፣ ላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ካላለ ግን ሊቃጠል ይችላል።

ድምጹን መርሳት

ምስሉ ደብዘዝ ቢል ሰው ይችለዋል፣ አባታችሁ የሚሉት ካልተሰማ ግን ማንም አያየውም። የማይክ መሰኪያ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካነን አር800 አለው፣ የጆሮ ማዳመጫም ጭምር፣ ሲኤክስ405 ግን የለውም። ስለዚህ ከነዚህ ከሁለቱ ስፋት ላይ የምታተኩሩና ድምጽ ላይ የምታተኩሩ ሰዎች አንድ አይነት ካሜራ አትገዙም። ማይክ መሰኪያ የሌለውን ገዝታችሁ ከሆነ ቀረብ በሉ፣ ዙም ምስሉን እንጂ ድምጹን አያቀርብም።

ሚሞሪና ፋይል

ካሜራው ላይ ይሄን ሁሉ ብር አውጥቶ ሚሞሪውን መንገድ ላይ የሚገዛ ሰው አይገባኝም። ፌክ ካርድ በሽ ነው፣ 128 ጂቢ ይላል ውስጡ ግን 8 ወይ 16 ነው፣ ሲሞላ ዝም ብሎ የድሮው ላይ ይጽፋል፣ የምታውቁት ደሞ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ ካርድ እንደገዛችሁ ካሜራውን ግድግዳ ላይ አዙራችሁ እስኪሞላ ቅረጹበት፣ ከዛ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ከፍታችሁ እዩ። ስንት ጂቢ ይበቃል ለምትሉ፣ ኤቪሲኤችዲ በሚባለው ፎርማት በሰከንድ 24 ሜጋቢት ሲቀረጽ አንድ ሰዓት 11 ጂቢ ገደማ ይወስዳል፣ ከፍ ባለ ሌላ ፎርማት በ50 ሜጋቢት ከ22 ይበልጣል፣ 4ኬ በ100 ሜጋቢት ደሞ 45።

ኤቪሲኤችዲ ያልኩት ፎርማት ራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ስልክ ላይ እንደነገሩ ነው የሚከፈተው፣ ለአያት በቴሌግራም ልላክ ስትሉ መጀመሪያ መቀየር አለባችሁ፣ ረጅም ቀረጻ ከሆነም ካሜራው ቆራርጦ ነው የሚያስቀምጠው። ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጡ ቪዲዮዎቹን ብቻ እየመረጣችሁ አትውሰዱ፣ የካርዱን ፎልደር እንዳለ ገልብጡት። ሲኤክስ405 ጎን ለጎን ቀለል ያለ ኤምፒ4 አብሮ የመቅረጽ አማራጭ አለው፣ እሱን አብርታችሁ ብትተዉት ብዙ ድካም ይቀንሳል።

በካምኮርደር ፈንታ ፎቶ ካሜራ

ፎቶ ካሜራም ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ለምን ሁለት እገዛለሁ የሚል አለ። ያምራል ምስሉ፣ አልክድም። ግን ብዙዎቹ በተለይ የቆዩት 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ያቆማሉ፣ አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚቀርጽ ነገር እንደ ቪዲዮ ካሜራ ስለሚቀረጥ ነበር እንደዛ ያደረጉት። መሀል ላይ ሲያቆም ካላያችሁት አለቀ።

ያገለገለ ስትገዙ

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፣ ሲኤክስ405 ራሱ በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ነው። ተጠንቀቁ የምለው ሁለት አይነት ላይ ነው። አንዱ በካሴት የሚሰራው ኤችዲቪ ነው፣ ቀረጻው ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በፋየርዋየር ገመድ ነው፣ አሁን ያለው ላፕቶፕ ላይ ደሞ ያ መሰኪያ የለም። ሌላው ውስጡ ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በቀጭን የአየር ንብርብር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሰራው፣ ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ወደ ዲስኩ ይጠጋል፣ ለዚህ ነው የአንዳንዶቹ መመሪያ ከ3000 ሜትር በላይ አትጠቀሙ የሚለው። አዲስ አበባ መሀል ላይ ችግር የለም፣ እንጦጦ ጫፍ ወይ ስሜን ተራሮች ላይ ግን ከዛ በላይ ናችሁ። ሻጩ "ሚሞሪ አይፈልግም፣ ውስጡ 80 ጂቢ አለው" ብሎ እንደ ጥቅም ካወራላችሁ ስለዚህኛው ነው የሚያወራው።